ከ«ሃድ» በኋላ የሚመጣው መስተዋድድ የሚሄደው ከየትኛው ጊዜ ጋር ነው?

የማታ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ እንግሊዝኛው ፓስት ፐርፌክት ነው። «ሃድ» ከግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር ይመጣና እንደ «ባይ»፣ «አንቲል»፣ «ፎር»፣ «ኢን»፣ «ቱ» ባለ መስተዋድድ የሚጀምር ሐረግ ይከተለዋል። አመሠራረቱ ግልጽ ነው፤ ችግር የሚመጣው ከአማርኛ ሲተረጎም ነው።

«ትናንት ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ነበር» የሚለውን «ሂ ሃድ ከም ዊዝ ሂዝ ፍሬንድስ የስተርደይ» ብሎ ለብቻው መጻፍ ስሕተት ነው ይባላል። «ሺ ሴድ ሂ ሃድ ከም ዊዝ ሂዝ ፍሬንድስ» ሲሆን ግን ማንም አያርመውም። ግሱም መስተዋድዱም ያው ነው፤ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሁለተኛ፣ ፐርፌክት የተባለ ሁሉ ከተቆረጠ ቀን ጋር አይሄድም የሚል ሕግ ይነገራል። ሆኖም «ሃድ አራይቭድ ኦን ማንደይ» የሚል በጋዜጣም በልብ ወለድም በብዛት ይነበባል። ታዲያ ሕጉ የሚሠራው የት ነው?

ሦስተኛ፣ «እስከ ሰኞ ጨርሶ ነበር» ስንል «እስከ» የሚለው «ባይ» ነው ወይስ «አንቲል»?

አራሚው፦

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው፤ እሱም የአማርኛው «ነበር» ነው። «መጥቶ ነበር» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ልንል እንችላለን። አንደኛው «መጥቶ ሄዷል፣ አሁን የለም» ነው። «ትናንት መጥቶ ነበር» ሲባል አድማጩ የሚረዳው ሰውየው እንደተመለሰ ነው። ሁለተኛው «እኛ ስንደርስ እሱ መጥቶ ነበር» የሚለው ነው፤ ሌላ ያለፈ ድርጊት አለ፣ ይኸኛው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ተፈጽሟል። እንግሊዝኛው «ሃድ» የሚሸከመው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ያለ «ሃድ» በሲምፕል ፓስት (በተራው ያለፈ ጊዜ) ይነገራል፦ «ሂ ኬም ዊዝ ሂዝ ፍሬንድስ የስተርደይ»። «አሁን ግን የለም» የሚለውን መልእክት ማስተላለፍ ካስፈለገ በሌላ ቃል ይጨመራል እንጂ «ሃድ» አያደርገውም።

ስለዚህ ፓስት ፐርፌክት መቆሚያ ይፈልጋል። ጸሐፊው አንድ ያለፈ ጊዜ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለከተ ነው የሚናገረው። ፈላስፋው ሃንስ ራይሽንባክ በ1947 ይህን በሦስት ነጥብ አስቀምጦታል፦ ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜ፣ የምንመለከትበት መቆሚያ ጊዜ እና አሁን የምንናገርበት ጊዜ። በፓስት ፐርፌክት ሦስቱ በዚሁ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ድርጊቱ መጀመሪያ፣ መቆሚያው መካከል ላይ፣ ንግግሩ መጨረሻ። «ሺ ሴድ ሂ ሃድ ከም» ትክክል የሆነው «ሴድ» መቆሚያ ስለሰጠው ነው። ብቻውን የቆመው «ሂ ሃድ ከም የስተርደይ» መቆሚያ የለውም፤ አንባቢው «ከምን በፊት?» ብሎ ይጠብቃል፣ መልሱ ግን አይመጣም።

አሁን ወደ መስተዋድዱ። የጊዜ ሐረጉ ከሁለቱ ነጥቦች በአንዱ ላይ ሊሰካ ይችላል፤ በድርጊቱ ላይ ወይም በመቆሚያው ላይ። «ሂ ሃድ ሌፍት አት ኑን» የሚለውን እንውሰድ። አንደኛው ንባብ «የሄደው በእኩለ ቀን ነው፤ እኛ የምናወራው ስለ ማታው ነው» የሚል ነው፤ እዚህ «አት ኑን» ድርጊቱን ይዟል። ሌላኛው ንባብ «እኩለ ቀን ላይ ስናይ ቀድሞ ሄዷል» የሚል ነው፤ ምናልባት የሄደው በጠዋቱ ይሆናል። በአማርኛ የመጀመሪያው «በእኩለ ቀን ሄዶ ነበር»፣ ሁለተኛው «እኩለ ቀን ላይ ቀድሞ ሄዶ ነበር» ወደሚል ይለያያል፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሸከማል። የመለያ ምልክቱ ቦታው ነው። ሐረጉ ከግሱ በኋላ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ድርጊቱን ይይዛል፤ ወደ ፊት ወጥቶ ዐረፍተ ነገሩን ሲከፍት መቆሚያውን ይይዛል፦ «አት ኑን፣ ሂ ሃድ ኦልሬዲ ሌፍት»። «ኦልሬዲ» ሲጨመር ደግሞ ጥርጣሬው ይጠፋል።

የቀን ክልከላውን በተመለከተ፣ ሕጉ የፕረዘንት ፐርፌክት (የ«ሃዝ» እና የ«ሃቭ») ነው። «ሂ ሃዝ አራይቭድ ኦን ማንደይ» የማይባለው መቆሚያው አሁን ስለሆነና ያለፈው ሰኞ ከአሁን ጋር ስለሚጋጭ ነው። በ«ሃድ» ጊዜ መቆሚያው ራሱ ያለፈ ነው፤ «ኦን ማንደይ» ድርጊቱን ቢይዝ የሚጋጨው ነገር የለም። መቆሚያው ከተሰጠ «ሃድ አራይቭድ ኦን ማንደይ» ያለ ስጋት ይጻፋል።

መዝገበ ቃላት፦

ወደ «እስከ» ልምጣ፤ ብዙ ትርጉም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ «እስከ ሰኞ ጨርስ» ይላል፣ «እስከ ሰኞ ጠብቅ» ይላል፤ «እስከ» አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያውን «ባይ»፣ ሁለተኛውን «አንቲል» ይለዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። በ«እስከ ሰኞ» ፋንታ «ቢዘገይ ሰኞ» ብለው ትርጉሙ ካልተዛባ «ባይ» ነው። «ሰኞ እስኪሆን ሳያቋርጥ» ብለው ካልተዛባ «አንቲል» ነው። ስለዚህ የእርስዎ «እስከ ሰኞ ጨርሶ ነበር» «ሃድ ፊኒሽድ ባይ ማንደይ» ይሆናል።

ምክንያቱ ግሱ ውስጥ ነው። መጨረስ፣ መድረስ፣ መውጣት፣ መሞት በአንድ ነጥብ ላይ የሚፈጸሙ ናቸው፤ አይዘረጉም። መጠበቅ፣ መሥራት፣ መተኛት፣ መኖር ይዘረጋሉ። «አንቲል» የሚዘረጋ ይፈልጋል፦ «ሃድ ወርክድ አንቲል ሚድናይት»። «ሃድ ፊኒሽድ አንቲል ሚድናይት» አይባልም። «ሃድ ወርክድ ባይ ሚድናይት» ደግሞ ጎዶሎ ነው፤ መጠን ሲጨመርበት ግን ወዲያው ይቃናል፦ «ሃድ ወርክድ ቴን አወርስ ባይ ሚድናይት»። መጠኑ የሚዘረጋውን ሥራ የሚሞላ ነገር ስላደረገው ነው። «ባይ» ከድምር ጋር እንዲህ ይስማማል፤ «ባይ 1990 ሺ ሃድ ሪትን ፎር ቡክስ» ማለት እስከዚያ ዓመት ድረስ ድምሩ 4 ደርሶ ነበር ማለት ነው። «ባይ»ን በ«ኢን» ቢተኩት አንባቢው አራቱንም በዚያው ዓመት የጻፈቻቸው ሊመስለው ይችላል።

አሉታ ሲገባ ስሕተቱ ሐቁን እስከ መገልበጥ ይደርሳል። «እስከ እኩለ ቀን አልደረሰም ነበር» ማለት «ሂ ሃድ ኖት አራይቭድ ባይ ኑን» ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ገና አልመጣም፣ በኋላ መጣ አልመጣ አልተነገረም። ይህንኑ «ሂ ዲድ ኖት አራይቭ አንቲል ኑን» ብለው ከተረጎሙት ሰውየው እኩለ ቀን ላይ መጥቷል ማለት ይሆናል። «ሃድ ኖት አራይቭድ አንቲል ኑን»ም ቢሆን ሰውየውን ያደርሰዋል፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ካለ መቆሚያ ወደ ኋላ ማየቱ ነው። በዘገባ ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

«ፎር» የሚቆጥረው ከመቆሚያው ወደ ኋላ ነው። «ሺ ሃድ ሊቭድ ኢን ለንደን ፎር ስሪ ይርስ ዌን ዘ ዎር ቢጋን» ሲባል ሦስቱ ዓመታት ጦርነቱ የጀመረበት ጊዜ ላይ ይደርሳሉ፤ ሴትዮዋ ያኔም እዚያው ናት። «ሺ ሊቭድ ኢን ለንደን ፎር ስሪ ይርስ» ግን የተዘጋ ታሪክ ነው። «ሲንስ» መነሻ ነጥብ እንጂ ርዝመት አይወስድም፤ «ሲንስ ስሪ ይርስ» አይባልም። ከመነሻው ጋር መድረሻም ካለ «ሲንስ» ይቀርና «ፍሮም 1985 ቱ 1988» ይሆናል። የአማርኛው «ከ» ሁለቱንም ስለሚያደርግ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል።

በአንድ ነጥብ የሚፈጸም ግስ «ፎር»ን ሲያገኝ ትርጉሙ ይዞራል። «ሂ ሃድ ጎን ቱ ለንደን ፎር ቱ ዊክስ» ማለት ሁለት ሳምንት ሊቆይ ሄዶ ነበር ማለት ነው፤ ምናልባት የወጣው ያን ዕለት ጠዋት ነው። «ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር» ለማለት «ሂ ሃድ ቢን ጎን ፎር ቱ ዊክስ» ያስፈልጋል። ልዩነቱን የሚያመጣው «ቢን» ብቻ ነው። «ከመጣ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር»ም እንዲሁ «ሂ ሃድ ቢን ዜር ፎር ቱ ደይስ» ይሆናል፤ «ሃድ አራይቭድ ፎር ቱ ደይስ» ብንል ለሁለት ቀን ቆይታ እንደመጣ ነው የሚሰማው።

«ኢን» ከርዝመት ጋር ሲመጣ የፈጀውን ጊዜ ይናገራል፤ «ሃድ ሪትን ዘ ሪፖርት ኢን ቱ ደይስ» ሪፖርቱ ሁለት ቀን ፈጀ ማለት ነው። በአሉታ ግን፣ በተለይ በአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ «ሃድ ኖት ሲን ሂም ኢን ይርስ» «ለዓመታት አላየውም ነበር» የሚል ይሆናል።

መስተዋድድ ባይሆንም «አጎ»ን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። «ከሦስት ዓመት በፊት» የሚለው የአማርኛ ሐረግ ከአሁንም ከመቆሚያውም ሊቆጠር ይችላል። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። ከአሁን ሲቆጠር «ስሪ ይርስ አጎ»፣ ከግሱም ጋር ሲምፕል ፓስት። ካለፈ መቆሚያ ሲቆጠር «ስሪ ይርስ ቢፎር» ወይም «ስሪ ይርስ ኧርሊየር»፣ ከግሱም ጋር «ሃድ»። «ትናንት» በተዘዋዋሪ ንግግር «ዘ ደይ ቢፎር»፣ «ባለፈው ሳምንት» ደግሞ «ዘ ፕሪቪየስ ዊክ» የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የማታ ተማሪ፦

እግዜር ይስጥልኝ፤ «ነበር» ሁለት ሥራ እንዳለው ስትነግሩኝ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። «ለንደን ሄዶ ነበር» የሚለው «ሃድ ቢን ቱ» ነው ወይስ «ሃድ ጎን ቱ»? ደግሞ «በመሐንዲሶች ተሠርቶ ነበር» ሲል «ባይ» ይመጣል፤ የጊዜው «ባይ»ም ካለ ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ?

ነጠላ ሰረዝ፦

አስቀድሜ አራሚው ስለ ቦታ ያሉትን ላለዝበው። ወደ ፊት የወጣ ሐረግ መቆሚያውን ይይዛል የሚለው ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም። ትረካ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፉትን ቀናት በተራ ሲዘረዝር «ኦን ማንደይ ሂ ሃድ ሲን ሀር ኢን ዘ ላይብረሪ» ይላል፤ ሐረጉ ፊት ላይ ነው፣ ነገር ግን ያያት ራሱ ሰኞ ነው። መቆሚያው ቀደም ባለው አንቀጽ ስለተተከለ ሐረጉ ለድርጊቱ ነፃ ሆኗል። ቦታውን ብቻ አይተው አይወስኑ፤ መቆሚያው ሌላ ቦታ መሰጠት አለመሰጠቱን መጀመሪያ ይፈልጉ። «ባይ» ብቻ ነው በየትም ቦታ ቢቀመጥ መቆሚያውን የማይለቀው።

«ሃድ ቢን ቱ» ጉብኝቱን እንደ ልምድ ይቆጥራል፤ ሄዶ ተመልሷል። «ሃድ ጎን ቱ» መሄዱን ይናገራል፤ መቆሚያው ላይ ሰውየው ብዙ ጊዜ ገና እዚያ ነው። «ዌን አይ ኮልድ፣ ሂ ሃድ ጎን ቱ ለንደን» ቢባል ቤት አልነበረም። «ሂ ሃድ ቢን ቱ ለንደን ትዋይስ» ቢባል ሁለት ጊዜ አይቷታል። «ኔቨር»፣ «ትዋይስ»፣ «ቢፎር» ያሉ ቃላት «ቢን»ን ይጠራሉ። «ቱ» ከ«ቢን» ጋር የሚሄደው በዚህ በፐርፌክት አገባብ ነው፤ «ሂ ወዝ ቱ ለንደን» ብሎ ጉብኝት ማለት አይቻልም። መኖርን ወይም መቆየትን ከሆነ የሚናገሩት «ሃድ ቢን ኢን ለንደን ፎር ኤ ማንዝ» ይሆናል። እንግዲህ «ለንደን ሄዶ ነበር» ብቻውን ከሆነ አማርኛው ራሱ አልለየውም፤ ተርጓሚው ሰውየው በዚያ ሰዓት የት እንዳለ ከጽሑፉ ማወቅ አለበት።

ሁለቱ «ባይ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ሰዋስው አይከለክላቸውም። «ዘ ብሪጅ ሃድ ቢን ፊኒሽድ ባይ ዘ ኢንጂነርስ ባይ 1890» ትክክል ነው፤ አድራጊው ለግሱ ይቀርባል፣ ጊዜው ይከተላል። ለጆሮ የሚሻለው ግን ጊዜውን ወደ ፊት ማውጣት ነው፦ «ባይ 1890 ዘ ብሪጅ ሃድ ቢን ፊኒሽድ ባይ ዘ ኢንጂነርስ»። ሦስተኛም «ባይ» አለ፤ «ሃድ ቢን ቢልት ባይ ዘ ሪቨር» ማለት ወንዙ አጠገብ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። አንባቢ በሦስቱ መካከል የሚመርጠው ከስሙ ዓይነት ነው፤ ዓመት ከሆነ ጊዜ፣ ሰው ከሆነ አድራጊ፣ ቦታ ከሆነ አጠገብ።

ከዚህ የሚብሰው አማርኛው መስተዋድድ ወይም አያያዥ ስላለው ብቻ በእንግሊዝኛውም የሚጨመረው ነው። «ከከተማው ደርሶ ነበር» «ሃድ ሪችድ ዘ ሲቲ» ነው፤ «ሪችድ ቱ» አይደለም። «ስለ ዕቅዱ ተወያይተው ነበር» «ሃድ ዲስከስድ ዘ ፕላን» ነው፤ «አባውት» አይገባም። «ወደ ክፍሉ ገብቶ ነበር» «ሃድ ኢንተርድ ዘ ሩም»። «አራይቭ» በተቃራኒው መስተዋድድ ይፈልጋል፣ እሱም «ቱ» ሳይሆን ለትልቅ ቦታ «ኢን»፣ ለነጥብ «አት» ነው። «ከእሷ ጋር ተጋብቶ ነበር» ድርጊቱን ከሆነ የሚለው «ሃድ ማሪድ ሀር»፣ ያለ «ዊዝ»። በትዳር መኖሩን ከሆነ «ሃድ ቢን ማሪድ ቱ ሀር ፎር ቴን ይርስ»፤ ርዝመት የሚሸከመው ይህኛው ብቻ ነው። «ዌይት» ደግሞ ሁለት «ፎር» በተከታታይ ይወስዳል፣ «ሃድ ዌይትድ ፎር ሂም ፎር ቱ አወርስ»፤ አንዱ የተጠበቀውን ሰው፣ ሌላው ርዝመቱን ይዟል፤ አንዱን መሰረዝ አያስፈልግም።

«ቢፎር» እና «አፍተር» ሲኖሩ «ሃድ» ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው። «ሺ ሌፍት ቢፎር ዘ ሚቲንግ» በቂ ነው፤ ቅደም ተከተሉን መስተዋድዱ ነግሮናል። «ሃድ» የግድ የሚሆነው «ዌን» ሲያገናኝ ነው። «ዌን ሂ አራይቭድ ሺ ሌፍት» ሲባል መምጣቱን ተከትላ ወጣች፤ «ዌን ሂ አራይቭድ ሺ ሃድ ሌፍት» ሲባል አልተገናኙም።

አንድ ጥንቃቄ ለአንባቢ። በአጭሩ ሲጻፍ «ሂ'ድ» «ሃድ»ም «ዉድ»ም ሊሆን ይችላል። ከኋላው ያለው ግስ ሦስተኛ ቅርጹ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሲሆን፣ እንደ «ከም»፣ «ቢከም»፣ «ረን»፣ «ፑት»፣ ቅርጹ አያድንም። «ዘይ'ድ ከም ባይ ትሬን» ሁለቱንም ነው። «ኤቭሪ ሰንደይ» ቢከተል «ዉድ» ነው፤ ይመጡ ነበር። «ዘ ደይ ቢፎር» ቢከተል «ሃድ» ነው፤ መጥተው ነበር። ሐረጉ እዚህ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ረዳት ግሱን ራሱን ይወስናል።

ቆጣሪ፦

በሕግ የተባለውን በእውነተኛ ጽሑፍ ላይ ማየት ለሚፈልግ ኮርፐስ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚፈተሽ የጽሑፍና የንግግር ክምችት፣ አለ። የአሜሪካ እንግሊዝኛው ኮካ ከ1990 እስከ 2019 የተሰበሰበ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃል ይዟል። የብሪታንያው ብሔራዊ ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ቃል ነው፤ 90 በመቶው የተጻፈ፣ 10 በመቶው የተነገረ። በሁለቱም እያንዳንዱ ቃል የሰዋስው መለያ ስለተለጠፈበት «ሃድ የሚለው ቃል፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ቅርጽ ያለው ግስ፣ ቀጥሎ መስተዋድድ» ብሎ በመለያ መፈለግ ይቻላል። የተራ ግስ ሦስተኛ ቅርጽ መለያው ቪ-ቪ-ኤን ነው፤ የመስተዋድዶች መለያ በኮካ በአይ ይጀምራል።

ፍለጋው የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች ካላወቁ ግን ቁጥሩ ያታልላል። «ቢን» የራሱ መለያ አለው፣ ቪ-ቢ-ኤን፤ በቪ-ቪ-ኤን ብቻ የፈለገ ሰው «ሃድ ቢን ቱ»ን ጨርሶ አያገኝም። «ቱ» ከግስ በፊት ሲመጣ መለያው ሌላ ነው፤ ያ ጥሩ ነው፣ «ሃድ ዲሳይድድ ቱ ጎ» አይቀላቀልም። «ሃድ ጊቭን አፕ» ውስጥ ያለው «አፕ»ም እንደ መስተዋድድ አይቆጠርም። «ሲንስ»፣ «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «አንቲል» መስተፃምርም ስለሚሆኑ ከኋላቸው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ መለያቸው ይቀየራል፤ ማሽኑ አንዳንዴ ስለሚሳሳት መስመሩን በዓይን ማየት ይሻላል። በመካከል «ኔቨር» ወይም «ኦልሬዲ» ሲገባ ሦስቱን ቃላት በተከታታይ የሚፈልግ ጥያቄ ያልፈዋል፤ አንድ ተውሳከ ግስ ጨምረው ደግመው ይፈልጉ። አጭሩ «'ድ» ለብቻው የሚቆጠር ስለሆነ ለእሱም ሌላ ፍለጋ ያስፈልጋል።

ከሚመጡት መስመሮች «ኢፍ» እና «ዊሽ» ያለባቸውን አውጡ። «ኢፍ ሂ ሃድ ከም ኦን ማንደይ» «ሰኞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ» ነው፤ አልመጣም። ቅርጹ አንድ ቢሆንም የጊዜ ቅደም ተከተልን አይናገርም፤ ከሌሎቹ ጋር አብሮ መቁጠር ውጤቱን ያበላሻል። ከዚያ 100 መስመር በዘፈቀደ ወስደው በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ምልክት ብቻ ያድርጉ፦ ሐረጉ የያዘው ድርጊቱን፣ መቆሚያውን፣ ወይስ ከጊዜ ውጭ የሆነ ነገርን (ቦታ፣ አድራጊ፣ የግሱ የራሱ መስተዋድድ)? ሦስተኛው ክፍል ብዙ እንደሆነ ያያሉ፤ ከ«ሃድ» ቡድን ቀጥሎ የሚመጣ መስተዋድድ ሁሉ ጊዜ አይናገርም። ፍለጋውን በልብ ወለድ ክፍል ይጀምሩ፤ ፓስት ፐርፌክት ከሁሉም በላይ የሚበዛው እዚያ ነው፤ በጭውውትና በአካዳሚ ጽሑፍ ያንሳል።

የማታ ተማሪ፦

አንድ ሙከራ ላድርግ፣ አርሙኝ። አማርኛው፦ «በ1992 ወደ ለንደን ተመለሰች። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ ኖራ ነበር። ያኔ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሠርታ ነበር፤ ከአንድ ሐኪም ጋርም ተዋውቃ ነበር። እስከ 1990 ግን አልተጋቡም ነበር።» አራቱንም «ነበር» በ«ሃድ» ልተርጉም?

አራሚው፦

ነጠላ ሰረዝ ስለ ቦታ ያሉት እርማት ትክክል ነው፤ ተቀብያለሁ።

አራቱን ሁሉ አያስፈልግም። መቆሚያው «ተመለሰች» ነው፣ ሲምፕል ፓስት። የመጀመሪያው «ነበር» ወደ ኋላ የሚወስደን በር ስለሆነ «ሃድ» የግድ ነው፦ «ሺ ሃድ ሊቭድ ዜር ስሪ ይርስ ኧርሊየር»። «አጎ» እንዳይገባ፤ የሚቆጠረው ከ1992 ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ እንግሊዝኛ ወደ ሲምፕል ፓስት ይወርዳል፦ «ሺ ወርክድ ኢን ኤ ሆስፒታል ኤንድ ሜት ኤ ዶክተር»። በየግሱ «ሃድ» መደጋገም ስሕተት ባይሆንም ንባቡን ያንቀራፍፈዋል፤ አማርኛ «ነበር»ን ቢደጋግም የሚከብደውን ያህል ይከብዳል። «ሜት» ላይ «ዊዝ» አልጨመርኩም፤ «ከ…ጋር» የአማርኛው ነው።

የመጨረሻው ላይ ግን አማርኛውን ራሱን ልጠይቅዎት ይገባል። «እስከ 1990 አልተጋቡም ነበር» ሲሉ በ1990 ተጋቡ ማለት ከሆነ «ዘይ ዲድ ኖት ጌት ማሪድ አንቲል 1990» ይሆናል። በ1990 ገና ሳይጋቡ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አልተነገረም ከሆነ ደግሞ «ባይ 1990፣ ሃውኤቨር፣ ዘይ ሃድ ኖት ማሪድ»። የትኛው ነው?

የማታ ተማሪ፦

ሁለተኛው ነው፤ ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ተጋብተው እንደሆነ አይናገርም።

አራሚው፦

እንግዲያው «ባይ» ያለውን ይውሰዱ፣ «ሃድ»ም አብሮት ይቆያል። ሐረጉን ፊት ላይ ያስቀምጡት፤ መቆሚያው ከ1992 ወደ 1990 እንደተዛወረ አንባቢው ግሱ ላይ ሳይደርስ ያውቃል።